ርካሹ ደሴት

በሁለት ሺህ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር በገባ በሁለተኛው ሰኞ ጠዋት፣ የመሥሪያ ቤቱ በር ለአምሳለ ገረመው አልከፈት አለ። መዳፏን አስነካች። መዳፏን በቀሚሷ ጠርጋ ደግማ አስነካች። በሩ እንደ ወትሮው በትሕትና ተናገረ።

«ወይዘሪት አምሳለ፣ ዕረፍት ላይ ነዎት።»

«ዕረፍት አልጠየቅሁም።»

«ዐሥራ አንድ ዓመት አልጠየቁም። ስለዚህ ተሰጥቶዎታል። ከመንገዱ ውጪ ዐሥራ አራት ሌሊት ነው። መልካም ዕረፍት።»

ሕጉን ታውቀዋለች። ሳያርፍ የሚሠራ ሰው መሥሪያ ቤቱን ያስቀጣል። ቤቱ ተቀምጦ ያረፈም እንዳረፈ አይቆጠርለትም፤ ከመኖሪያው ቢያንስ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር መራቅ አለበት። ሐይቆቹ ዳር ያሉት ማረፊያዎች እስከ ሚያዝያ ተይዘዋል፤ የቀሩት የባሕር ደሴቶች ናቸው። አምሳለ ደግሞ በአርባ ስምንት ዓመት ዕድሜዋ አንድም ቀን ለዕረፍት ወጥታ አታውቅም፤ ባሕርም አይታ አታውቅም።

ሥራዋ ማድመጥ ነበር። የአዳማ ሰው ውሃ ሲቋረጥበት ወይም ሒሳብ ሲበዛበት ይደውላል፤ ድምፅ ይመልስለታል። ድምፁ የሰው አይደለም። አምሳለ ከጀርባ ሆና ድምፁ በትሕትና መመለሱን ታረጋግጣለች። ጠያቂው ሲያለቅስ ድምፁ ሁለት ትንፋሽ ያህል ዝም ማለት አለበት፤ ዝም ካለ ምልክት ታደርጋለች። በቀን መቶ ሠላሳ ሰው ትሰማለች። እሷን የሚሰማት የለም።

ከሥራ መልስ ዐሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለች አንድ ክፍሏ ውስጥ ናት። እናቷ ከሞቱ ስድስት ዓመታቸው ነው። ጋምቤላ ያለው ወንድሟ ለእንቁጣጣሽ ይደውላል። ያን ሰኞ ከተዘጋው በር ፊት ቆማ፣ ከሰው ጋር ፊት ለፊት የተነጋገረችው መቼ እንደነበር ልታስታውስ ሞከረች። ከዐሥራ አንድ ቀን በፊት ነበር። አሳንሰር ውስጥ አንድ ሰውዬ «ስንተኛ?» ብሏት «ዐሥራ ሁለተኛ» ብላዋለች።

ከሰዓት በኋላ በስክሪኗ ላይ ደሴት ስትፈልግ ዋለች። ስክሪኑ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ለስንት ሰው?» ብሎ ነው። «ለሁለት» ሲሉት ደሴቱ እንደ ጉድ ይፈላል፤ «ለአንድ» ሲሉት ግን አንድ በአንድ ይጠፋና ሦስት ወይም አራት ብቻ ይቀራል፤ የቀረውም ዋጋው ሰማይ ነው። ደጋግማ ሞከረችው። በመጨረሻ ዘግታው ወደ አሮጌው አውቶቡስ ተራ ወረደች። ሰው ሆኖ ለሰው ጉዞ የሚሸጥ በከተማው የቀረው ወይዘሮ ዙፋን ብቻ ነበሩ።

ወይዘሮ ዙፋን ወንበሩን ሞልተው የተቀመጡ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሴትዮ ናቸው።

«ስንት ናችሁ?»

«አንድ ነኝ።»

«አንድ ናችሁ!» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ደስ አላት። «ይሁን፣ ቁጭ በይ። ስንት ይዘሻል?»

የያዘችውን ነገረቻቸው። ወይዘሮ ዙፋን ከንፈራቸውን መጠጥ አደረጉና ሦስት ደሴት ዘረጉላት።

የመጀመሪያው ሁለት ዓመት የቀረው ነው። ከዚያ በኋላ ባሕሩ ይውጠዋል፤ ሰው ሁሉ ሳይሰጥም ልየው እያለ ስለሚሽቀዳደም የአምስት ወር ደመወዟን ይጠይቃል። ሁለተኛው ሰው ሠራሽ ነው፤ እየተጎተተ ፀሐይ ወዳለበት ይሄዳል። ብቸኛ እንግዳ ይቀበላል፣ ግን አብሮ አደር ይመደብለታል።

«አብሮ አደር ማለት?»

«አብሮሽ የሚበላ። ስትቀልጂ የሚስቅ። ሌላው እንግዳ ብቻውን የሚበላ ሰው ሲያይ ይከፋዋል መሰለኝ።»

«ሰው ነው?»

«በከፊል» አሉ ወይዘሮ ዙፋን፣ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳይነቅሉ።

አምሳለ ሦስተኛውን ጠየቀች። ንዛሪ ይባላል። ከመርከቡ ትኬት በቀር የሚከፈል የለም። ቤት በነፃ፣ ምግብ በነፃ።

«ምን ጉድ ቢኖርበት ነው?»

«ጉድስ የለውም። ሰው ይፈልጋሉ። ግዴታው እዚያው ማደር ብቻ ነው፤ ዐሥራ አራቱንም ሌሊት።»

«ሌላ የት ላድር ኖሯል?»

«እኔም ያልኩት እሱን ነው።»

«ነዋሪ ግን አለው? ሰው?»

ወይዘሮ ዙፋን መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው አነበቡ። «‹ንዛሪ የሰው መኖሪያ የሆነ ደሴት ነው› ይላል። እንዲያውም ሌሎቹ ላይ እንዲህ የሚል አልተጻፈም። በማኅተም ነው እኮ የተረጋገጠው፣ ተመልከቺው።»

አምሳለ ማኅተሙን አየችው። የደሴቱ ውበት አይደለም የሳባት። ነዋሪ ካለ ጎረቤት አለ፤ ጎረቤት ካለ «ኖር» የሚል አለ ብላ ነው። ማታውኑ ገበያ ወጥታ ሁለት ኪሎ ዳቦ ቆሎ አስመዘነች። ለጎረቤት ባዶ እጅ አይኬድም።

ባቡሩ ባሕር ዳርቻ አደረሳት። መርከቡ ሁለት ቀን ወሰደ። ከማዶው ወደብ ወደ ንዛሪ የምትሻገረው ጀልባ ዐሥራ ሁለት መቀመጫ አላት፤ መሪ የላትም። ሦስት ሰዓት ሙሉ አምሳለ ዐሥራ አንድ ባዶ ወንበር ይዛ ተጓዘች። ባሕሩን ስታይ ግን ይህ ሁሉ ጠፋባት። እንዲህ ያለ ሰማያዊ በስክሪን አይገባም። አፏን ከፍታ ነበር የምታየው።

ንዛሪ ስትደርስ የእንጨቱ መውረጃ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆሟል። በዚያ ሙቀት ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል፤ ሻንጣው እግሩ ሥር ናት። አምሳለ ከመውረዷ የእሷን ሻንጣ ተቀበላትና የራሱን ጀልባዋ ውስጥ አስቀመጠ። በቋንቋው ሲናገር በጆሮዋ ያለው አስተርጓሚ በአማርኛ እግር በእግር ተከተለው።

«እንኳን ደህና መጡ። ስሜ ቃሲም ነው፤ ሽማግሌ ስለሆንኩ ምዜ ቃሲም ይሉኛል። ፈጠን ብለው ይራመዱ፤ ጀልባዋ የምትቆመው ሃያ ደቂቃ ነው።»

እየሮጠ ማለት ይቻላል አሳያት። የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያው ይኸ ነው። ምድጃው ይኸ። ዶሮዎቹ አምስት ናቸው፤ ነጠብጣቧ ክፉ ናት። ባሕሩ ከፍ ካለ የሚወጣው ትምህርት ቤቱ ፎቅ ላይ ነው። ይህ ነጭ ሳጥን ደግሞ ጠዋት ዐሥራ ሁለት ሰዓትና ማታ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ይጠይቃል፤ መመለስ ብቻ ነው።

«ሌሎቹስ?» አለች አምሳለ ትንፋሿን እየሰበሰበች።

«የትኞቹ?»

«ነዋሪዎቹ።»

ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመ። «ነዋሪው እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ ወደ ጀልባዋ ተመለከተና «አሁን ደግሞ እርስዎ ነዎት» አላት።

ወደ መውረጃው ሲመለሱ ነው ያስረዳት። «እዚህ አንድ ሰው እስካደረ ድረስ ይህ ዙሪያው ባሕር የንዛሪ ነው። ዓሣ የሚያጠምዱት መርከቦች ኪራይ ይከፍላሉ። ማዶ የተሻገረው ሦስት መቶ ዐሥር ቤተሰብ በዚያ ነው የሚተዳደረው። አንድ ሌሊት ሰው ከታጣ ደሴት መሆኗ ይቀራል፤ ድንጋይ ትባላለች። ድንጋይ ደግሞ ባሕር የለውም።» እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ስምንት ወር ሙሉ እንግዳ ጠበቅሁ። ልቤን ሊያዩልኝ ነው የምሄደው። በዐሥራ አምስተኛው ቀን በዚህችው ጀልባ እመለሳለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።»

አምሳለ ዘልላ ጀልባዋ ውስጥ ትገባ ይሆን? አሰበችው። ሻንጣዋ ግን ሰውዬው ቤት ነው፤ የሰውዬውም እጅ ገና ደረቱ ላይ ነው። ጀልባዋ የጤፍ ፍሬ እስክታህል ቆማ አየች።

ማታ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነጩ ሳጥን ጠየቀ። «ንዛሪ ላይ ሰው አለ?»

ዝም አለች። ሳጥኑ ሁለት ትንፋሽ ያህል ጠብቆ ደገመው።

«አለ» አለች።

«እናመሰግናለን።»

ትሕትናው የተሟላ ነበር። ጉድለት አላገኘችበትም።

ንዛሪን በእግር ለመዞር አርባ ደቂቃ ይበቃል። አምሳለ በመጀመሪያው ቀን ሦስት ጊዜ ዞረችው። በየበሩ ላይ የአባወራው ስምና የቤተሰቡ ብዛት በቀለም ተጽፏል፤ ባኮ ሱፍ፣ ሰባት፤ ሻሚ፣ አራት፤ መምህር ኢሳ፣ ዘጠኝ። አንዱም በር አልተቆለፈም። በቀን ሁለት ጊዜ ባሕሩ ሲሞላ ወደ ታችኞቹ ቤቶች በፊት በር ይገባል፣ ወንበር ያነሣል፣ እንደ ቤተኛ ጓዳውን ይዞርና በጀርባ ይወጣል። መቃብሩ ብቻ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። ከደሴቱ ሁሉ ደረቅ ሆኖ የሚያድር እሱ ነበር።

ዳቦ ቆሎውን በሳሕን አድርጋ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ጠዋት ጠዋት ከእሱ ትበላለች፤ አላልቅ አላት። ዋና ስለማትችል ባሕሩ ውስጥ እስከ ወገቧ ድረስ ትቀመጣለች። ውሃው እንደ ተቀመጠ ሻይ ለብ ያለ ነው፤ ትንንሽ ዓሣዎች ጣቷን ይቀምሷታል። አንድ ከሰዓት ሁለት ሸርጣኖች በአንዲት የኮኮናት ቅርፊት ሲጣሉ አይታ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ከዚያ «አየህልኝ?» ልትል ዞር ስትል ማንም የለም። ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ። ከዚያን ቀን ወዲያ የሚያምር ነገር ስታይ ፊቷን ማዞር ጀመረች።

በሦስተኛው ቀን ስልኳ ጮኸ። ምዜ ቃሲም ነበር።

«ነጠብጣቧ እንቁላል ትሰጥዎታለች?»

«ነከሰችኝ።»

«እንግዲያውስ ደህና ናት» አለ። ስልኩን ግን አልዘጋም። «ያ የምሥራቁ ግድግዳ አለ? ወደቀ?»

«አለ።»

«ደግ ነው።» አሁንም አልዘጋም።

በማግሥቱም ደወለ፤ በማግሥቱም። መጀመሪያ ስለ ዶሮዎቹ ይጠይቅና እዚያው ይቀራል። ልጁ ራዚያ ጥሩ ልጅ ናት፤ ግን ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትገባው። የቤቷ ግድግዳ ያናግረዋል፤ መድኃኒትህን ውሰድ ይለዋል። እሱም ግድግዳውን እሺ ይለዋል።

በአምስተኛው ቀን «አስተርጓሚዎ በእናንተ ቋንቋ ምን ብሎ ነው የሚጠራዎት?» ሲል ጠየቃት።

«እርስዎ ነው የሚለኝ። ለትልቅ ሰው ወይም ለማያውቁት የሚባል ነው።»

«እሱ አይቀየርም?»

አምሳለ የአስተርጓሚውን ማስተካከያ ፈለገችና አገኘችው። ‹ደንበኛ፣ አለቃ፣ የማያውቁት ሰው፣ ዘመድ› ይላል። ጥቂት አመነታችና ‹ዘመድ› የሚለውን ነካች።

«አሁንስ?» አለ ምዜ ቃሲም። «አሁን ይሰማሻል፣ ልጄ?»

በአማርኛ «ልጄ» ካሏት ስድስት ዓመት አልፏል።

«ይሰማኛል፣ አባባ» አለች።

ያን ዕለት ስለ ፍየሏ አጫወታት። «ጀግና ሆኜ የቀረሁ ይመስልሻል? የፊርማው ቀን፣ ሁሉም ማዶ ሊሻገር ሲፈርም፣ ፍየሌ ጠፍታ ነበር። እሷን ስፈልግ ዋልኩ። ስመለስ ጸሐፊዎቹ ሄደዋል፤ ሕዝቡ ‹ቃሲም ባንዲራችን ነው፣ አልፈርምም አለ› እያለ ያጨበጭባል። ምን ልበል? ፍየሏ ናት ልበል?»

አምሳለ ጮኻ ሳቀች፤ ዶሮዎቹ ተበተኑ።

«ፍየሏስ?»

«በላኋት። ተናድጄ።»

በዘጠነኛው ቀን ከመሥሪያ ቤቷ መልእክት መጣ። እሷ በሌለችባቸው ቀናት ድምፁ ያለ አድማጭ ሠርቶ ምንም ጉድለት እንዳልተገኘበት፣ በዚህም ምክንያት ወንበሯ መታጠፉን፣ ለዐሥራ አንድ ዓመት አገልግሎቷ ከልብ እንደሚያመሰግናት ይገልጻል። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ለምሥጋናው ሁለት ትንፋሽ ያህል ክፍተት ትተውለት ነበር።

ለምዜ ቃሲም ስትነግረው ከንፈሩን መጠጠ፤ ይህን አስተርጓሚው መተርጎም አላስፈለገውም። «የሚጠብቅሽ ሰው አለ?» አላት።

«የለም።»

በዐሥራ አንደኛው ቀን ሲደውል ድምፁ ደክሟል፤ ሐኪሞቹ ልቡን አይተው ብዙ አልተናገሩም። ስለ ዶሮዎቹም አልጠየቀም።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ቀንሽ ሲሞላ ውጪ። ሳጥኑ ቆዪ ይልሻል፤ ሰዎቹም ይሉሽ ይሆናል። እንቢ በይ። መደርደሪያው ላይ ስድስት ሳሕን አይተሻል?»

አይታለች። ስድስቱም አይመሳሰሉም።

«ከየቤቱ የሰበሰብኳቸው ናቸው። ብቻዬን በቀረሁ በሁለተኛው ዓመት ለስድስት ሰው ማዕድ ማቅረብ ጀመርኩ። ባኮ ሱፍን እዚህ፣ መምህር ኢሳን እዚያ። እያንዳንዱን ‹ጨመር አድርግ እንጂ› እለዋለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለራዚያም።»

«ለምን አልሄዱም ታዲያ?»

«አጨብጭበውልኝ ነበራ» አለ።

ዐሥራ አራተኛው ሌሊት አለፈ። ጠዋት ሳጥኑ ጥያቄውን ከጠየቀ በኋላ ጨመረ። ቀጣይ እንግዳ አልተገኘም፤ ቢፈጥን ሃያ ስድስት ቀን ይፈጃል። ወይዘሪት አምሳለ እስከ ዘጠና ቀን ለመቆየት ፈቃደኛ ቢሆኑ ስንቅ ይላካል። «አባባ ዛሬ ይመጣል፤ እሱ አለ» አለችው። ሳጥኑ አልመለሰም።

ሻንጣዋን ስትቆልፍ ስልኩ ጮኸ። የደወለው የምዜ ቃሲም ስልክ ነበር፤ ድምፁ ግን የሴት ነው።

«ራዚያ ነኝ፣ ልጁ። አባቴ ዛሬ እመጣለሁ ብሎሽ ነበር አይደል?» ስልኩ የአባቷ ስለሆነ አስተርጓሚው አሁንም አንቺ ነው የሚላት። «ይመጣል። ትናንት ማታ ዐረፈ። ይዘነው እየመጣን ነው። ቤቱን ክፈቺልን።»

አምሳለ ሻንጣዋ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ተነሣች፤ የሚሠራ ነበር። ቤቱን ጠረገች፣ መስጊዱን ጠረገች፣ ባሕሩ ያስገባውን አሸዋ በአካፋ አወጣች። ከማጠራቀሚያው እየቀዳች በርሜሎቹን ሞላች። ስድስቱን ሳሕን አጥባ፣ የማን የማን እንደሆነ ባታውቅም፣ በየቤቶቹ አኖረች፤ ይህንን ብቻ እየሮጠች ነበር የሠራችው፣ ራዚያ ሳትደርስ።

እኩለ ቀን ላይ ሰባት ጀልባ ሙሉ ሰው መጣ። ዐሥራ አምስት ቀን በባዶነቱ የምታውቀው ደሴት በአንድ አፍታ ሰው በሰው ሆነ። ሕፃናት ወደማያውቁት ቤት እየሮጡ «የኛ የትኛው ነው?» ይላሉ። አሮጊቶች የበራቸውን መቃን እየዳበሱ ያለቅሳሉ። ወንዶቹ ምዜ ቃሲምን ተሸክመው ወደ ደረቁ ቦታ ወጡ። አምሳለ ከሴቶቹ ጋር ቀረች። ማንነቷን የጠየቃት የለም፤ አንዷ ቢላዋ፣ ሌላዋ ሽንኩርት ሰጠቻት። ሽንኩርቱ ነው እያለች የልቧን አለቀሰች።

ሩዙ በትልቅ ትሪ ቀረበ፤ ስምንት ሴቶች ዙሪያውን ተቀመጡ፣ አምሳለም መሃላቸው። በእጅ ነው የሚበላው። አጠገቧ ያለችው አሮጊት አጥንት የሌለውን የዓሣ ሥጋ በጣቷ እየለየች ወደ አምሳለ በኩል ትገፋላታለች፣ ሳታያት፣ ወሬዋን ሳታቋርጥ። አምሳለ የተገፋላትን ሁሉ በላች።

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ባሕሩ መሙላት ሲጀምር የቀድሞው የመንደሩ ሹም ምዜ ሐማዲ፣ ረጅም ቀጭን ሽማግሌ፣ ከራዚያ ጋር ወደ እሷ መጡ። ሰዉም ከኋላቸው ተሰበሰበ።

«ያለውን ያውቃሉ» አሉ ሽማግሌው። «ከእኛ ማንም ማደር አይችልም። ማዶ ቤት የተሰጠን ዳግመኛ ንዛሪ ላይ ላናድር ፈርመን ነው። ያደረ ቤቱን ይነጠቃል። ያልፈረመው ቃሲም ብቻ ነበር። ሃያ ስድስት ቀን ብቻ ነው የምንለምንዎት። የፈለጉትን እናደርጋለን።»

አምሳለ አዳማን አሰበች። ወንበሯ የለም። ዐሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚጠብቃት የለም። እምቢ የምትልበት ምክንያት ፈለገች፤ ሰው የሚቀበለው ዓይነት ምክንያት፤ አላገኘችም። መቆየት ምንም አያስከፍላትም ነበር። እዚህ ያሉት ሁሉ የሚያጡት ነገር አላቸው፤ እሷ የላትም።

«አንድ ሰው አብሮኝ ይደር» አለች። «አንድ ሰው ካደረ እቆያለሁ። ዘጠናውንም ቀን።»

አስተርጓሚዎች በየጆሮው ሲያደርሱት ጸጥታው ወደ ኋላ ሄደ። ሰው እግሩን ማየት ያዘ። ያቺ ዓሣ ስትለይላት የነበረች አሮጊት እጇን አነሣች። ልጅዋ፣ ጎልማሳ ሰው፣ እጇን ቀስ አድርጎ ይዞ አወረደው፤ ጆሮዋ ሥር የልጆቹን ስም ቆጠረላት። አሮጊቷ ፊቷን በሻሽዋ ሸፈነች።

አምሳለ ጠበቀች። ባሕሩ የመጀመሪያውን ቤት በር አልፎ ገባ።

«እንግዲያውስ አልችልም» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ሆነባትና ደገመችው። «ይቅርታ አድርጉልኝ። አልችልም።»

ምዜ ሐማዲ አልተከራከሯትም። ራሳቸውን ነቀነቁና፣ ሀገሩን ሁሉ በዓይናቸው አንድ ጊዜ ዞረው፣ ወደ ጀልባዎቹ አቀኑ። የቀረችው ራዚያ ናት። በአርባዎቹ ያለች፣ ዓይኗ ያበጠ ሴት ናት።

«አባቴ እንዲህ እንደሚሉ ነግሮኝ ነበር» አለች። «እንዳልቆጣዎት አስምሎኛል። ምያለሁ። ግን ተቆጥቻለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ሦስት ዓመት ችሎታል።»

አምሳለ ስለ ሳሕኖቹ ልትነግራት አፏን ከፈተች። ሰውየው ለልጁ ያልነገረውን እሷ ልትነግር? ተወችው። ዶሮዎቹን ይዛ በቅርጫት አስገባች፤ ነጠብጣቧ እስከ መጨረሻው ታገለቻት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰባቱም ጀልባዎች ተነሡ። ወደ ኋላ የሚያይ ብዙ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ የባሕር ካርታ የሚያርሙት ክፍሎች ንዛሪን ከደሴቶች ዝርዝር አውጥተው ከድንጋዮች ዝርዝር አስገቧት፤ መርከቦቹም ኪራይ መክፈል አቆሙ። ይህን አምሳለ ኋላ ነው የሰማችው። ያን ማታ የምታውቀው፣ ዐሥራ ሁለት መቀመጫ ያላት ጀልባ ሃያ ሰው እንደጫነችና ለእሷም በሁለት ሰው መሃል አንድ ስንዝር ቦታ እንደለቀቁላት ነበር። ሰውነታቸው ይሞቃል። ልብሳቸው ጭስና ሽንኩርት ይሸታል። አንድ ሕፃን ጫማውን ጭኗ ላይ አሳርፏል፤ ይቅርታ ያለም የለም።

በስተግራዋ የተቀመጠችው ራዚያ ናት። ሌላ ቦታ አላገኘችም። አንድ ሰዓት ያህል ፊቷን ወደ ባሕሩ አዙራ ቆየች። ከዚያ ሦስት ሌሊት አስታማሚ ሆና ያልተኛችው እንቅልፍ ጣላትና ራሷ ቀስ እያለ መጥቶ አምሳለ ትከሻ ላይ ዐረፈ።

አምሳለ አፈረች። ሰው ሀገሩን ባጣበት ቀን እንዲህ ደስ ሊለኝ አይገባም ብላ አሰበች፤ እውነቷን ነበር። ክንዷ መጀመሪያ ከበዳት፣ ቀጥሎ ቆረቆራት፣ ኋላም ደንዝዞ የሷ መሆኑ ቀረ። የማዶው መብራት ታየ። አንዱ ራዚያን ሊቀሰቅስ እጁን ሲሰድ አምሳለ በዓይኗ ከለከለችው፤ ጀልባዋም ወደቡን እስክትነካ ትከሻዋን አላነቃነቀችም።